ዘጠኝ ያልኳቸው ጠዋት

ደብተሩ አሁንም አለኝ። አረንጓዴ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙን ግራሶ ነክቶት ጠቁሯል። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ልጥለው አነሳውና መልሼ ከሻንጣው ሥር እከተዋለሁ። ውስጡ ያለው የስምንት ሰዎች ስምና ከስማቸው ትይዩ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ አሥር። ከነዚያ ሁሉ ቁጥሮች አንዱን የጻፍኩት ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ደብተሩን ሳልገልጥ አውቀዋለሁ።

ስፖርት ሳይንስ ተመርቄ በሥራ ፍለጋ ብዙ ጫማ ከጨረስኩ በኋላ ወሰን አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ ጋራዥ ለስድስት ወር በኮንትራት ቀጠረኝ። በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ላይ የሚሳተፍ ቡድን ነበራቸው። እኔ እግር ኳስ ወይም መረብ ኳስ ነው ብዬ ስሄድ ያስረከቡኝ ገመድ ነው። የገመድ ጉተታ ቡድን! ሦስት መካኒኮች፣ አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ፣ አንድ ቀለም ቀቢ፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ፣ አንድ ጎሚስታ እና አንድ የሌሊት ጥበቃ። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም በዕድሜ የሚበልጡኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ፊሽካ ስነፋ ማንም ከተቀመጠበት አልተነሳም። ምላሱ ከእጁ የሚፈጥነው ጎሚስታ፣ ጎማ ሲጠግን እንኳ አፉ የማያርፍ ሰው፣ "እህቴ፣ ገመድ መጎተት ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ያዝና ጎትት አይደል እንዴ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ እናቴ "አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል" የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ልመልስለት አፌን ስከፍት የሌሊት ጥበቃው ብድግ አሉ። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። "አሰልጣኝ ናት ተብላ ከተላከች አሰልጣኝ ናት" አሉና ገመዱን አንስተው ከመጨረሻው ጫፍ ላይ ቆሙ። የቀሩትም እያጉረመረሙ ተነስተው ከፊታቸው ተሰለፉ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ አሰልጣኝ የሆንኩት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ያደረጉኝም እርሳቸው ናቸው።

ጋሼ እላቸው ነበር። እርሳቸው ሲደሰቱብኝ "ልጄ"፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ደግሞ "አሰልጣኝ" ይሉኛል።

በገመድ ጉተታ የመጨረሻው ሰው ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ገመዱን በእጃቸው ብቻ ይይዛሉ፤ እርሱ ግን በብብቱ ሥር አሳልፎ በጀርባውና በትከሻው ያዞረዋል። ቡድኑ መንሸራተት ሲጀምር የሚያቆመው እርሱ ነው። እኛ "ግንዱ" እንለው ነበር። ጋሼ ግንዳችን ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን አንድ መምህር "ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በልብስ ልክ አይቆረጥም" ይል ነበር። ልምምድም እንደዚያው ነው ማለቱ ነው፤ ቡድኑ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ሳታውቅ የነገውን አታቅድ። እኔም ይህንኑ ይዤ በየቀኑ ከልምምድ በፊት እያንዳንዱን "ዛሬ ከአሥር ስንት ነህ? ደክሞሃል? የሚያምህ ነገር አለ?" እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። የሁሉም መልስ አንድ ነበር። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን ስንት ነው?" እላለሁ።

"አሥር ነዋ!" ይላል ጎሚስታው። "ፈጣሪን ስድስት ልንሰጠው ነው እንዴ?"

አንደኛው መካኒክ ጣቱን ሞተር ጨፍልቆት በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና "ደህና ነኝ፣ አሥር ብለሽ ጻፊ" አለኝ። ጮህኩበት። "ሰላምታ አይደለም የጠየቅኩህ!" አልኩት። ግን እርሱስ ምን ያድርግ? እኛ አገር ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ "እንዴት ነህ?" ሲባል መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው። በዚያ ላይ ጓደኞቹ ፊት ለአንዲት ወጣት ሴት "ደክሞኛል" ማለት ለእነርሱ ከሽንፈት ይብሳል። ለሁለት ሳምንት ያህል ደብተሬ አሥር በአሥር ሆኖ ቆየ። በዚያ ቁጥር ብንሄድ የዓለም ሻምፒዮን ነበርን።

መላውን ያገኙልኝ ጋሼ ናቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "ሐኪም በሽተኛውን ስንት ነህ ይለዋል እንዴ? አይቶ ራሱ ይናገራል እንጂ። አንቺ እይንና አንቺው ንገሪን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቁን ትቼ ማየት ጀመርኩ። ከታክሲ ሲወርዱ እግራቸውን እንዴት እንደሚያሳርፉ፣ ጫማ ሲያስሩ ማን ግድግዳ እንደሚደገፍ፣ ማን ቀልድ እንደቀነሰ አያለሁ። ካየሁ በኋላ ቁጥሩን እጽፍና ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አምስትና ከዚያ በታች የሆነ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ስድስትና ሰባት የሆነ ግማሹን ይሠራል፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ሙሉውን። መጀመሪያ ላይ ተነጫነጩ፣ በኋላ ግን ወደዱት። ደክሞኛል ሳይሉ ማረፍ ቻሉ፤ ያለችው እርሷ ናት ማለት ይቻላልና።

ጋሼ ተራቸው ሲደርስ ፊቴ መጥተው እንደ ወታደር ቀጥ ይላሉ፤ አገጫቸውን ቀና፣ እጃቸውን ከጎናቸው ለጠፍ አድርገው።

"ስንት ነኝ፣ አሰልጣኝ?"

"ሰባት።"

"እሺ።"

አንድ ቀን ሰባት፣ አንድ ቀን ስምንት። ከስድስት ወርደው አያውቁም ነበር፤ ከስምንትም አልፈው አያውቁም። እኔ ቁጥር አላባክንም። ረቡዕና ዓርብ ብዙዎቹ ስለሚጾሙ ልምምዱን አቀልላለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቀማምሰው እንዲመጡ ብዬ ሰዓቱን ወደ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አደረግኩት። ቅዳሜ ጠዋት በጋራዡ ሰርቪስ ወደ እንጦጦ እንሄድና ዳገቱን በእግር እንወጣለን። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ጋሼ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ደጁ ጠጋ ብለው ያማትባሉ፤ ቀኝ እጃቸውን ከግንባራቸው አንስተው ቀስ ብለው፣ ማንም የማይጠብቃቸው ይመስል። "ጋሼ፣ እርስዎ ሲሳለሙ እኛ ላባችን ደረቀ እኮ!" ብዬ እቆጣለሁ። "ለአንቺም ጭምር ነው የተሳለምኩት" ይሉኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልመካበት አይደለም። የማውቀውን ነገር አውቄ እንደተውኩት እንዲታወቅ ነው።

የጋራዡ ሜዳ ትንሽ ዳገት አለው። እዚያ ላይ ሞተሩ የወረደ አሮጌ ፒካፕ ነበር፤ የልምምዳችን መሣሪያ ያደረግኩት እርሱን ነው። ገመዱን ከፊቱ እናስራለን፣ አንድ ሠራተኛ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ስምንቱ ሽቅብ ይጎትታሉ። እኔ "ፍሬን!" ስል መሪ ላይ ያለው ይረግጣል፤ መኪናው ቀጥ ይላል፣ እነርሱም ገመዱን ሳያላሉ ይዘው መቆም አለባቸው። "ልቀቅ!" ስል ይቀጥላሉ። የራሴ ፈጠራ ስለነበር ኮርቼበታለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ነበረው። በዚህ ልምምድ ግንዱ ገመዱን ሰውነቱ ላይ አያዞርም። ገመዱ ሰውነቱ ላይ ከዞረ ቶሎ መልቀቅ ስለማይችል ድንጋጤውን ሁሉ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ሰው ሲጎትት ቀስ እያለ ይመጣል፣ ፍሬን ግን ድንገት ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ግማሽ ፍጻሜውን አሸነፍን። ለፍጻሜ የደረሰን የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከሙ የሚውሉ ሰዎች። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ "ዋንጫውን ብቻ አምጪልኝ፣ ኮንትራትሽን እኔ አራዝመዋለሁ" አለኝ። ከቢሮው ስወጣ መሬት አልረገጥኩም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔን ነው። በዚያው ቀን ልምምዱን ወደ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አዞርኩት፤ ፍጻሜው ጠዋት ስለሆነ ሰውነታቸው ሰዓቱን ይልመድ አልኩ። የረቡዕና የዓርብን ማቅለልም ሰረዝኩት። ለሁሉም ከመጽሐፍ ምክንያት ነበረኝ። ጎሚስታው ብቻ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አሰልጣኝ" አለኝ። አንተ ጎማህን ንፋ አልኩት። ለጋሼ ጠዋት ማለት የሌሊት ጥበቃቸው ማብቂያ መሆኑን አስቤው ነበር። አስቤው አለፍኩት።

ዓርብ ነበር። ለፍጻሜው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሜዳው ላይ ቆሜ ጋሼ ከጥበቃ ቤቷ ሲወጡ አየኋቸው። የበሩን መቃን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ ብለው ለመነሳት ጉልበታቸውን ተመረኮዙ። ጎሚስታው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ተቀያሪያቸው ለቅሶ ሄዶ ሁለት ሌሊት በተከታታይ የቆሙት እርሳቸው ናቸው" አለኝ። ባይነግረኝም አይቼ ጨርሻለሁ። አራት ነበሩ። አራትም ሲበዛባቸው ነው።

እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ግንዱ ከተቀመጠ የፒካፑ ልምምድ የለም፤ የፒካፑ ልምምድ ከሌለ እነዚያን ኩንታል ተሸካሚዎች አንችላቸውም ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ገና ፊቴ ሳይደርሱ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ስምንት ብጽፍ ይበቃኝ ነበር፤ ለምን ዘጠኝ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። መቼም ሰው ሲዋሽ ያበዛል።

መጡና ቀጥ ብለው ቆሙ። "ስንት ነኝ፣ አሰልጣኝ?"

"ዘጠኝ።"

ዓይናቸው በራ። "ዘጠኝ?"

"ዘጠኝ ነዎት፣ ጋሼ።"

"ሰማችሁ እናንተ ልጆች!" አሉና ሳቁ። የደከመ ፊታቸው ሁሉ ተለወጠ። ያን ሳቅ ሳይ ልቤን የሆነ ነገር ጫር አደረገኝ፤ አፌ ግን ከእግሬ ቀድሞ "ዛሬ ልክ እንደ ውድድሩ ነው፤ ግንዱ ገመዱን ያዙር" ብሎ አዘዘ። ጎሚስታው ዞር ብሎ አየኝ። ጋሼ ገመዱን በብብታቸው ሥር አሳልፈው ቀኝ ትከሻቸው ላይ አዞሩት።

መኪናውን እስከ ዳገቱ አጋማሽ ሳቡት። ከዚያ ጋሼ አንዴ ተንሸራተቱ። እርሳቸው ተንሸራተው አያውቁም። ያኔ እንኳ "አቁሙ" ማለት እችል ነበር። ቡድኑ የተኛ መስሎኝ፣ ላነቃቸው ብዬ፣ በሙሉ ድምፄ "ፍሬን!" አልኩ። አቡጀዴ ሲቀደድ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ አልጮኹም። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሏል። ሮጬ ስደርስ ግንባራቸው በላብ ረጥቦ "ደህና ነኝ፣ አትደንግጪ። እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ።

ሐኪሙ የትከሻቸው ጅማት መበጠሱን፣ እጁም ከደረት በላይ ለመነሳቱ ተስፋ መስጠት እንደማይችል ነገረን። ሰኞ ዕለት የጋራዡ የስፖርት ኮሚቴ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው። "በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ለዚያ ልምምድ ብቁ ነበር ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ደብተሩን አውጥቼ ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። ዘጠኝ። ሰብሳቢው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና "ቁጥሩን የሚናገረው ራሱ ሠራተኛው ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። "የሚሰማቸውን ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት።"

ጻፉት። ሠራተኛው ብቁ ነኝ ብሎ የገባበት ስለሆነ በአሰልጣኟ በኩል ጥፋት አልተገኘም ተባለ። ጋሼን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ካራ ሰፈር ባለው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ጎሚስታው እውነቱን ያውቅ ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ በር ላይ ቆይቶ ስወጣ አየኝና ያ ሁሉ ምላስ ያለው ሰው ፊቱን አዙሮብኝ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ፍጻሜውን አሸነፍን። ግንዱ ጎሚስታው ነበር፤ የጎደለውን ቦታ ከመኪና አጣቢዎቹ አንዱ ሞላ። ሁለት ለዜሮ፣ ያን ያህልም ሳንቸገር። ሰዎች ሲያቅፉኝና ሲዘሉ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ዓርብ ጋሼን ቁጭ ይበሉ ብላቸው ኖሮ ዋንጫው ያው ይመጣ ነበር።

ብርቱካን ገዝቼ ካራ ሄድኩ። ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት ሁሉ እግዚአብሔር ይማርዎ ብሎ ይወጣል። ጋሼ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ስለ ውድድሩ አንድ በአንድ አስወሩኝ፤ ጎሚስታው እግሩን የት እንዳኖረ ሳይቀር ጠየቁኝ። ባለቤታቸው ቆሎ አቀረቡልኝና ልወጣ ስል እስከ አጥሩ ሸኙኝ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "እጁ ይመለስለታል?"

"ይመለሳል" አልኩ። ሦስተኛው ውሸት ከፊተኞቹ ቀለለኝ።

ኮንትራቴ ታደሰ። ጋሼን ከሌሊት ጥበቃ አንስተው ቀን በር ላይ የእንግዳ ካርድ እንዲሰጡ መደቧቸው። በየጠዋቱ ስገባ በግራ እጃቸው በሩን ከፍተው "ግቢ፣ አሰልጣኝ" ይሉኛል። ያችን በር ከሦስት ወር በላይ ልገባባት አልቻልኩም። ለሥራ አስኪያጁ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ ለቀቅኩ፤ አላገኘሁም ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ነው የምሠራው፣ ስፖርት አስተምራለሁ። ለራሴ የምነግረው አንድ ማጽናኛ ነበረኝ። ሰውየው ወታደር ናቸው፣ ኩሩ ናቸው፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸውም እምቢ ይሉኝ ነበር፣ ታግለው ይገቡ ነበር እላለሁ። ሁለት ዓመት ያህል እንቅልፌን የተኛሁት በዚህች ነው።

ባለፈው በማርያም ዕለት፣ ቅዳሜ ላይ ውሎ ነበር፣ ብቻዬን እንጦጦ ወጣሁ። ከደጁ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሚያማትብ ሰው አየሁ። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ሰውየው እጁን ወደ ግንባሩ በማንሳት ፈንታ አጎንብሶ ግንባሩን ወደ እጁ አወረደ። በሰፊው ትከሻቸው አወቅኳቸው። ዞሬ ልሄድ ስል አዩኝ።

"አሰልጣኝ!"

በግራ እጃቸው የጠበል ጄሪካን ይዘዋል። ለትከሻቸው እንደሚጠመቁ ነገሩኝ። ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ያን ቀን ዘጠኝ ብለሽኝ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ለባለቤቴ ስንቴ እንደነገርኳት አትጠይቂኝ። ከነዚያ ሁሉ ጎረምሶች መሃል፣ በዚህ ዕድሜዬ! አንቺ ደግሞ በቁጥር የምትሰስቺ ነሽ። ለሌላ ሰው ዘጠኝ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አልኩ። ይኼ እውነት ነበር። የቀረውን እውነት ልነግራቸው ነበር፤ "ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ…" ብዬ ጀምሬያለሁ። እርሳቸው ግን ጨዋታው መጥቶላቸው ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡና ፊቴ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አገጫቸውን ቀና፣ የማይታዘዘውን እጃቸውን ከጎናቸው ለጠፍ አድርገው።

"ዛሬስ? ስንት ነኝ፣ አሰልጣኝ?"

አየኋቸው። ከጠበሉ ዳገቱን ወጥተዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ አንዱ ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ማየት አልረሳሁም።

"ሦስት" አልኩ።

ፈገግታቸው አልጠፋም። "ሦስት? እንግዲያውስ ከአምስት በታች ነኛ" አሉና ወዲያው፣ ሳይከራከሩ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እግራቸውን ዘረጉ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ለእኔም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ያን ጠዋትም አራት ብላቸው ኖሮ ልክ እንደዚህ ቁጭ ይሉ ነበር።